ሰባት ዓመት ያለፈው ይጣላል

ወረቀት ማደራጀት እወዳለሁ። ሰው ቤት ገብቼ የተከመረ ደረሰኝ ካየሁ እጄን ይበላኛል። ኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦቹ በላይ ባለች የሒሳብ ቢሮ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፤ የስንቱ ሰው ጓዳ በእኔ እጅ አልፏል። የገዛ አባቴን ወረቀት ግን እስከዚያ ዲሴምበር ድረስ ነክቼው አላውቅም ነበር። አያስነኩማ!

የምንኖረው ከኢትዮጵያ መንገድ ጀርባ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ኩሽናችን ድረስ በሚሰማበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ በልጅነታቸው ጎንደር ዲያቆን ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸው እስካሁን ለዓይን ያምራል። ደብዳቤውን፣ የመብራት ሒሳቡን፣ ትሉሽ የምንለውን የደመወዝ ወረቀት ሁሉ በየዓመቱ በአንድ ትልቅ ፖስታ ይከቱና በፕላስተር ያሽጉታል። ፊቱ ላይ ዓመቱን ብቻ ይጽፉበታል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ፖስታዎቹ አልጋቸው ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ነበሩ።

ሻንጣውን ያስከፈተን ጥርሳቸው ነው። በግራ በኩል ደህና መንጋጋ የሚባል አልቀረላቸውም። ሥጋውን ከተዉት ቆይተዋል፤ ዳቦውንም በቀኝ ብቻ እያላመጡ ራት አንድ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። ሐኪሙ ጥርስ ለማስተከል የጠራው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነበር። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ በ2018፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ መጋዘን ውስጥ ሲሠሩ ትከሻቸው ተጎድቶ ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ቤት ውለዋል። ግብሩ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደሚሠሩ ታስቦ ነበር የተቆረጠው። በትርፍ የተቆረጠው ይመለሳል፤ መጠየቅ የሚቻለው ግን ያ ዓመት ካለቀ ስድስት ዓመት እስኪሞላ ብቻ ነው። ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። ይቀጥራቸው የነበረው ተቋራጭ ደግሞ ድርጅቱን ዘግቶ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ማስረጃ የሚሆኑን የዚያ ዓመት ትሉሾች ብቻ ነበሩ።

ዕለቱ አርብ ነው፤ ሥራ የለኝም። ጠዋት ቁርስ እንዳነሳሁ «በሉ አባዬ፣ ሻንጣውን ያምጡት» አልኳቸው።

«ቀስ ብለሽ፤ ቅደም ተከተሉን እንዳታበላሺብኝ።»

«ሥራዬ እኮ ነው!»

ቢሮ ውስጥ ሕጋችን ቀላል ነው፤ ሰባት ዓመት ያለፈው ይጣላል። የፖስታዎቹን ፊት ብቻ አየሁ። 2004፣ 2005፣ 2006 እያለ እስከ 2011 ይሄዳል። አንዱንም አልከፈትኩም። ለምን ብዬ? ከ2019 ወዲህ ያለው፣ አባቴ ጊሎ ሰፈር ቀለል ያለ ሥራ ካገኙ ጀምሮ፣ በስልኬ ነው የሚመጣው። የምፈልገው የ2018 ትሉሽ ደግሞ ሻንጣው ጥግ በላስቲክ ታስሮ ከተቀመጠው ወፍራም ክምር ውስጥ አይጠፋም ብዬ ገመትኩ። ስምንቱን ፖስታ ሁለት ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

«ይኼ ምን ሊሆን ነው?» አሉ አባቴ።

«የሚጣል ነው። አሮጌ ነው፣ ሰባት ዓመት አልፎታል።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

ተናደድኩ። ሲጠይቁኝ እናደዳለሁ፤ ክፉ አመሌ ነው። «ለሰው ሁሉ የምሠራውን ለእርስዎ አጣዋለሁ? ይጣሉት አባዬ!»

አባቴ ኮታቸውን ደረቡ፣ ሁለቱንም ፌስታል በደህናው እጃቸው አንጠልጥለው ደረጃውን ወረዱ። የወረቀት መጣያው ገንዳ መንገዱ ማዶ ነው።

ላስቲኩን ፈታሁ። የማኅበር መዋጮ ደረሰኝ፣ የእናቴ የሐኪም ቤት ወረቀቶች፣ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ አካባቢ የተገዛ ማቀዝቀዣ ዋስትና፤ ማቀዝቀዣው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ትሉሽ የሚባል የለም። እንደገና አገላበጥኩ። ሻንጣውን ዘቅዝቄ ሳራግፈው ከአንዱ ፖስታ ሾልካ የቀረች አንዲት ትሉሽ ወደቀች። በዕብራይስጥ የታተመው ማርች 2018 ይላል። ጥጉ ላይ፣ በአባቴ ቆንጆ እጅ፣ «መጋቢት 2010» ተጽፏል።

አባቴ ይኼን ሁሉ ዘመን ኢየሩሳሌም ይኑሩ እንጂ ዓመታቸው የሚገባው መስከረም አንድ ነው። ጾሙን፣ በዓሉን፣ የእናቴን ሙት ዓመት፣ ሁሉንም የሚቆጥሩት እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ይኼን አጥቼው አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ግቢ ነው። ግን የሒሳብ ወረቀት ስይዝ የቢሮዬ ዓመት ብቻ ነው የሚታየኝ። የእኛ አቆጣጠር በሰባት በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ አሮጌ ብዬ ያስጣልኩት የምፈልገውን ዓመት ራሱን ነበር።

ያኔ ከታች መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጢጥ ጢጥ ተሰማኝ። አርብ ዕለት ሰንበት ሳይገባ ነው ገንዳውን የሚያነሱት።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ደረጃው ላይ አባቴ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አገኘኋቸው፤ «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ ሳልመልስ አለፍኳቸው። መንገዱ ላይ ስደርስ ገንዳው አየር ላይ ነበር። ጠብቅ እያልኩ በዕብራይስጥ ጮህኩ። ገንዳው ተገለበጠ፤ የመኪናው ሆድ ሲጨፈልቀው ሰማሁ።

ሹፌሩ ወርዶ «ወረቀት እኮ ነው፤ ወርቅ ጥለሽ ነው?» አለኝ። ሳለቅስ ሲያይ ግን ሞተሩን አጠፋና የኋላውን ከፈተልኝ። ተጠቅጥቆ ግድግዳ ሆኗል። በጥፍሬ ቆፈርኩ፤ ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ እንደገና ካርቶን። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩንባቸውን ይነፋሉ። «እህቴ፣ መሄድ አለብኝ» አለኝ በመጨረሻ።

አባቴ በራችን ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ነበር የፈለግኩት፤ አልተቆጡም። እኔው ተቆጣሁ።

«የ2010 ፖስታ የመጋዘኑ እንደሆነ እርስዎ ያውቁ አልነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። የእኔ ዓመት እዚህ አገር አይሠራ ይሆናል አልኩ።»

ያቺን አንዲት ትሉሽ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

እሑድ ጠዋት ማስ ሐክናሳ፣ የገቢ ግብር ቢሮው ማለት ነው፣ በሩ ሳይከፈት ተሰለፍኩ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን ደጋግማ አየች፤ ተቋራጩ የዚያን ዓመት ሪፖርት አላስገባም። ያለችኝን አንዲት ትሉሽ አያይዛ ማመልከቻውን ተቀበለችኝ። ከወራት በኋላ የመጣው ገንዘብ ጥርስ ለማስነቀል እንጂ ለማስተከል አልበቃም። አባቴ የተበላሹትን አስነቀሉና መረቁኝ። ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ አቃጠለኝ።

መስከረም አንድ ቀን ከቅዳሴ እንደተመለሱ አዲስ ፖስታና እስክሪብቶ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ፖስታውን ወደ እኔ ገፉት።

«ዓመቱን አንቺ ጻፊው።»

«እርስዎ ይጻፉት አባዬ፣ እንደ ድሮው። እኔ አነበዋለሁ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ። ደግሞ ላሳስትሽ?»

ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ሳልከፍት ያስጣልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። እስክሪብቶውን መዳፋቸው ውስጥ መለስኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ጻፍኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤትም ይሁን ባንክ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ እኔ ያያሉ።