የእህቴ ልጅ ድምፅና የቅዳሜው ኮንሰርት

የእህቴ ልጅ ናት። እኛ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሬዲዮ ነው የምንላት። ገና ማንበብ እንደለመደች በታክሲ መስኮት ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነብ ነበር፤ የመድኃኒት ቤቱን፣ የጎማ ጥገናውን፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ሳይቀር። አንድ ቀን ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅ አባቷ አፍሮ «ይቺን ሬዲዮ የሚያጠፋልኝ ማነው?» አለ። ስሟ በዚያው ጸና።

ኮሌጅ ስትገባ እኔ ጋ መኖር ጀመረች። ሦስት ወንበር ያለው ፀጉር ቤት አለኝ፤ ከኋላው ደግሞ ሁለት ክፍል። የምትማረው ማርኬቲንግ ነው። በመጨረሻው ዓመት ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ ውጡ ሲባሉ ጓደኞቿ ወደ ባንክና ወደ ኢንሹራንስ ተሰለፉ። እሷ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀበለኝ ብላ እየዘለለች መጣች።

«የዘፋኝ ቤት ነው?» አልኳት።

«ቢሮ ነው አክስቴ! ደብዳቤ አለው፣ ማኅተም አለው።»

«ማኅተምማ ማንም ያስቀርጻል» ብዬ ፀጉር መሥራቴን ቀጠልኩ።

ምሳዋን ረስታ የሄደች ቀን ላደርስላት ሄጄ ቢሮውን አየሁት። ከጎማ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው በድሮ ፖስተር ተለብጧል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ በጥቅል በጥቅል የቆመ ወረቀት፣ የማጣበቂያ ባልዲ፣ ከሦስት ወረቀት አንዱን የሚያኝክ ማተሚያ። የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊዋ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በሁለት ስልክ ታወራለች። ስታየኝ ሁለቱንም ጣል አድርጋ ተነሳች።

«እናቷ ነዎት? ይቺን ልጅ የወለደ ማህፀን ይባረክ!»

እናቷ አይደለሁም ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ሬዲዮ በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ብትላት «ኧረ ተይ፣ አታስረጂኝ! እህትሽ ነኝ፤ አንቺ በይኝ» ብላታለች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። ፖስተር ከዓይን በላይ ከተሰቀለ የሚያነበው ወፍ ነው ብላለች። ማስታወቂያ ከሰባት ቃል ካለፈ ስብከት ነው ብላለች። ሬዲዮ ይህን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች፤ የእኔን ፀጉር ቤት ታፔላ ሳይቀር አውርዳ አሳጥራ አጻፈችው። እውነት ለመናገር ደንበኛ ጨመረ።

ሲዘጋጁበት የነበረው ኮንሰርት ትልቅ ነበር። የሚመጣው ዘፋኝ በእኔ ዕድሜ ያለን ሴቶች ስሙ ሲነሳ ወንበራችን ላይ የምንስተካከልለት ዓይነት ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ አልወጣም። ድምፅ ማጉያ በጫነች መኪና እየዞረ የሚያስተዋውቀው ሰውዬ ጉሮሮው ተዘግቶ የቀረ ቀን ኃላፊዋ ሬዲዮን «እስቲ አንቺ ሞክሪው» አለቻት። ሞከረችው። ቀዱት። ኃላፊዋ አቅፋ ሳመቻት፤ ሰውዬው ሲሻለውም አልመለሱትም።

«ቅዳሜ! ከሰዓት በኋላ! እሱ ራሱ! እንዳይቀሩ!»

መኪናዋ በሰፈራችን ስታልፍ ከማድረቂያው ሥር የተቀመጡት ደንበኞቼ ፀጉራቸው እንደተጠቀለለ ወጥተው ያዩ ነበር። እኔ ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ «የእኔ ናት!» እላለሁ። ፖስተሩን መስታወቴ ላይ ለጠፍኩ። ትኬት የገዙት ግማሾቹ በእኔ አፍ ነው የገዙት። በተለይ አንዲት ነርስ ነበረች፣ የዘወትር ደንበኛዬ፤ ለዚያ ቅዳሜ ብላ ከባልደረባዋ ጋር ሁለት ተረኛነት ተለዋውጣለች።

ኮንሰርቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ኃላፊዋ ሬዲዮን ጠርታ «ያቺን ቅጂ እንደገና እናሳምራት» አለቻት። በድርጅቱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ሰው «እውነት ይመጣል?» እያለ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ሬዲዮም ጠየቀቻት።

«ይመጣል አይደል?»

«እህትሽ ዋሽታሽ ታውቃለች?»

አዲሱ ቅጂ እንዲህ ይላል፦ «በአካል ታዩታላችሁ! ቃሌ ነው!» «ቃሌ ነው» የሚለውን የጨመረችው ኃላፊዋ ናት፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት፣ «ከልብሽ አርጊው» እያለች። ሬዲዮ ከልቧ አደረገችው። ማታ ቤት መጥታ ደግሞ ገጹ ላይ ለጠየቀው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ «አዎ፣ ይመጣል» ብላ መለሰች።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ከአራት ደንበኞቼ ጋር ሄድኩ። ነርሷ አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር። ሬዲዮ ቢጫ ካናቴራ ለብሳ በር ላይ ትኬት ታያለች፤ ስታየን በሩቁ እጇን አወዛወዘች። አንድ ባንድ ተጫወተ፣ ሁለተኛው ተጫወተ፣ የመጀመሪያው ተመልሶ መጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሬዲዮ ለኃላፊዋ ደወለች። «መንገድ ላይ ነው፤ አረጋጊያቸው» አለቻት። ሬዲዮም በር ላይ ለቆሙት «መንገድ ላይ ነው፣ ደርሷል» አለች። ይህን ስትናገር አንድ ጎረምሳ ዞሮ «ድምፁን ስሙት! ያቺ የመኪናዋ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሰው ከበባት። እንደገና ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል። መድረኩ ላይ አንድ ሰው ወጥቶ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ሲል የውሃ ጠርሙስ መወርወር ተጀመረ። እጇን ይዤ በጓሮ በር አወጣኋት። ካናቴራዋ አንገቱ ላይ ተቀዷል። እንዲያም ሆኖ የምትለው «ኃላፊዬ ምን ሆና ይሆን? አንድ ነገር ደርሶባት ነው» ነበር።

እሁድ ጠዋት የዘፋኙ ሰዎች አንድ ደብዳቤ ለሕዝብ አወጡ። ታሟል፣ አይመጣም ይላል። ድርጅቱ የተቀበለበት ማኅተም፣ ቀንና ፊርማ አለው። ቀኑ ያ ሐሙስ ነው። ፊርማው የተጫጫረ ስለሆነ ሌላ ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሬዲዮ ግን ኃላፊዋ በየቀኑ በምትፈርምላት የመገኘት መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ስታየው የከረመች ናት። ስልኩን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ማልቀሱ ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድርጅቱ መልስ ሰጠ፦ ደብዳቤው «በማስታወቂያ ክፍል በምትሠራ አንዲት ተለማማጅ ቸልተኝነት» ለኃላፊዎች ሳይደርስ ቀርቷል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። በቢሮው ውስጥ ተለማማጅ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

ሰኞ ብቻዬን እሄዳለሁ አለችኝ። ሄደች። የሆነውን እንደነገረችኝ ነው የምናገረው። ኃላፊዋ በሩን ዘግታ የኮሌጁን የመመዘኛ ቅጽ አወጣች፤ ሁሉም መስመር ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥታታለች። «በጣም ጎበዝ ነሽ፤ የሚገባሽ ነው» አለቻት።

«ሐሙስ ዕለት ስታስቀጂኝ ታውቂ ነበር?»

ኃላፊዋ መነጽሯን አውርዳ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው። «አውቅ ነበር። ጋሼ እስከ ቅዳሜ ዝም በሉ አሉን፤ ድንገት ዘፋኙን ቢሻለውስ ብለን። አንቺ ብታውቂ እንደዚያ ከልብሽ አትናገሪም ነበር።» ጋሼ የሚሏቸው የድርጅቱን ባለቤት ነው።

«መግለጫውንስ ማን ጻፈው?»

«ስምሽ እኮ አልተጠራም! ተለማማጅ ነው ያልነው። አንቺ ነገ ተመርቀሽ ትሄጃለሽ፤ እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። እህቴ፣ ተረጂኝ።»

«ስሜ ባይጠራም ድምፄን አገር ያውቀዋል» አለቻት ሬዲዮ። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

እዚህ ላይ ስለራሴም መናገር አለብኝ። ቅጹን ትታ መምጣቷን ስትነግረኝ ተቆጣኋት። «አበድሽ? ሄደሽ ውሰጂው! የአራት ዓመት ልፋት ነው፤ ዝም ብለሽ ተመረቂ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ትያለሽ።» ፈርቼ ነው፤ እናቷን ምን ልላት? ሬዲዮ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺም?» አለችኝ። ያቺ «አንቺም» አሁንም ሥራ ላይ ሆኜ ድንገት ትመጣብኛለች፤ የማበጥረውን ፀጉር ይዤ እቆማለሁ።

ሳምንት ሙሉ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ስትል ቤት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። መንገድ ስትወጣ የሰፈር ልጆች ከኋላዋ «ቃሌ ነው! ቃሌ ነው!» ይላሉ። ከደንበኞቼ ሦስቱ ቀሩ። ነርሷ መጣች፤ ሬዲዮ ከጓሮ ወጥታ ፊቷ ቆመችና «አላውቅም ነበር» አለቻት። ነርሷ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «እኔ ያዘንኩት ለዘፈኑ አይደለም። አንቺን አምኜ ነው የመጣሁት» አለች። ተሠርታ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ልፈርድባት አልችልም።

ሬዲዮ የልምምድ ሪፖርቷን ጻፈች፤ ሐሙሱን፣ ፊርማውን፣ ቅጂውን፣ ሁሉንም። አማካሪ መምህሯ አንብበው «ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ግን ይሄን ክፍል አውጪው፤ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚቀበለን ድርጅት እናጣለን» አሏት። አላወጣችም። ያለ መመዘኛ ቅጽ ልምምዱ አይቆጠርም ተባለ። ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እሷ የእኔን ፎጣ እያጠበች ነበር። ያን ጊዜ ፎጣውን ነጥቄያት «ልክ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ብላኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

በሚቀጥለው መንፈቅ የከተማው ውሃ አገልግሎት ተቀበላት። ልምምዷን እዚያ ጨረሰች፤ ተመረቀች፤ ከዚያም በኮንትራት ቀጠሯት። ለሕዝብ የሚወጣውን ማሳሰቢያ የምትጽፈው እሷ ናት፤ በየትኛው ሰፈር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚቋረጥ። «ቢያንስ ይቋረጣል ያልኩት ይቋረጣል» ትላለች፤ እኛ እንስቃለን።

አለቃዋ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ መልካም ሰው ናቸው። አንድ ቀን ማሳሰቢያ አስተካክላ ስታመጣ «የእኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ ለዚህ ቢሮ ምሰሶ ነሽ» ብለው አመሰገኗት። ሬዲዮ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊታቸው አስቀመጠችና «ይጻፉልኝ፤ ቀኑንም ፊርማውንም ይጨምሩበት» አለች። ሰውየው ቀልድ መስሏቸው እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ። እሷ ግን ወረቀቱን አላነሳችም፤ እስኪፈርሙ ቆማ ጠበቀች።