የትሩዲ ማማሰያ

ከግድግዳዬ ማዶ ያሉት ኖልተዎች ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ የዕቃ ማጠቢያ ማሽናቸው ይነሣል። ሕንፃችን አሮጌ ነው፤ ወጥ ቤታቸውን ከእኔ ሶፋ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። የቀትር እንቅልፌን ለዓመታት የተኛሁት በዚያ ማሽን ድምፅ ነው። መጀመሪያ ቫልቩ ተከፍቶ ውኃ ይገባል። ቀጥሎ ፓምፑ ያጉረመርምና ያንኑ ጥቂት ውኃ ከሥር እያነሣ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ውኃው ሳህኖቹን ገርፎ ይወርዳል፣ በማጣሪያው ያልፋል፣ ተመልሶ ይነሣል። ዐይኔን ስጨፍን ሩቅ አገር የሚዘንብ ይመስለኛል። በዚያ ዝናብ መሐል ደግሞ ኳ… ኳ… የምትል ነገር ነበረች። እንቅልፍ የሚወስደኝ እሷን ስሰማ ነው።

ኳኳታው የትሩዲ ነበር። ትሩዲ ገና ጎረቤት እንደሆንን አንቱታውን አስቀርታዋለች። ባሏ አቶ ኤቫልድ ኖልተ ግን እስከ ዛሬ አንቱ ይሉኛል፤ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከከተማችን ዳር ባለው ፋብሪካ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሲገጣጥሙ ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ የጎረቤቱን ሁሉ ማሽን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ብርጭቆዎቼ አመድ የተነፋባቸው መስለው ቢወጡ ጠራኋቸው። ውኃችን ኖራ ይበዛበታል፤ ኖራውን የሚይዘው ክፍል ጨው እንዳለቀበት ገና የማሽኑን በር ሳይከፍቱ ነገሩኝ። ጨውን ሞልተው ሲያበቁ ግን አልሄዱም። ታችኛውን መደርደሪያ ስበው ውኃ የሚረጨውን ረጅም ክንድ በጣታቸው አዞሩልኝ።

«ሞተር የሚያዞረው ይመስልዎታል አይደል? ሞተሩ ውኃውን ብቻ ነው የሚገፋው። ጫፉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ይዩ፣ ሰያፍ ናት። ውኃው ወደዚያ ሲወረወር ክንዱ ወደዚህ ይሸሻል። ጉልበት የለውም፣ በጣት ቢነኩት ይቆማል። መንገዱ ላይ ምንም ነገር መኖር የለበትም።»

ምንም ነገር ሲሉ የትሩዲን የእንጨት ማማሰያ ማለታቸው ነበር። እኛ ዘንድ ሌላ ሰው የደረደረውን ዕቃ እንደገና ሳይደረድር በሩን የሚዘጋ ሰው ብርቅ ነው፤ አቶ ኖልተ ደግሞ የዚህ ነገር ጳጳስ ናቸው። ትሩዲ ግን ዕቃውን እንደመጣላት ትወረውርና እሳቸው ከወንበር ሳይነሡ ቁልፉን ትጫነዋለች። የማማሰያዋ እጀታ በመደርደሪያው ሽቦ መሐል ሾልኮ ይንጠለጠላል፤ ክንዱ በዞረ ቁጥር ይነካውና ያልፋል።

«እሺ እንጨቱ ይግባ፣» ይላሉ አቶ ኖልተ፣ «እጀታው ለምን ይንጠለጠላል?»

«ያንኳኳ ተወው። ቤቱ ሰው እንዳለበት ያስታውቃል።»

ከዚያ ትሩዲ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ስም ረሳች፣ ቀጥሎ መንገድ፣ በመጨረሻ ቤቷን። ምሳ በበላች ቁጥር ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ጋ ትቆማለች። «ወደ ቤቴ ልሂድ፣» ትላለች፤ «ኤቫልድ ይጠብቀኛል።» ይህን የምትለው ለራሱ ለኤቫልድ ነው። በክረምቱ አምልጣ በቤት ጫማ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተገኘች። ልጃቸው ኡተ ፈርታ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አልጋ አስያዘች። መኖሪያው መልስ የሚፈልገው ሰኞ ስለነበር እሑድ መጥታ ሊወስኑ ተቀጣጠሩ።

ይህን አቶ ኖልተ የነገሩኝ ደረጃው ላይ ነው። «ኡተ ትክክል ናት፣» አሉኝ። «ግን ያለ ትሩዲ እዚህ ቤት ምን አደርጋለሁ?»

እኔም የማሽናችሁ ኳኳታ ከጠፋ ወዲህ ቀን መተኛት አቃተኝ ብዬ ቀባጠርሁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ኮራ ብለው፣ አሁን የምደረድረው እኔ ስለሆንሁ ነው ብለው ወደ ላይ ወጡ። ትንሽ ወጥተው ቆሙ። የደረጃውን እንጨት እንደያዙ ዞሩና፣ «ትሩዲም ካፖርቷን መልበስ የጀመረችው እኔ መደርደር ከጀመርሁ ወዲህ ነው፣» አሉኝ።

በማግሥቱ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። ዝናቡ ጀመረ፣ አንድ ጊዜ ኳ አለ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ብቻ ይመታ ጀመር። ሳህኑ ሁሉ እንደቆሸሸ ወጣ። አቶ ኖልተ መጥተው፣ እጀታውን በልኩ ነበር የተከልሁት፣ ክንዱ ግን ቆመ አሉኝ። ችግሩ መትከልዎ ነው፣ እሷ መቼ ተከለችው፣ ትጥለው ነበር እንጂ አልኋቸው። ሊጥሉት ሞከሩ። ምስኪን፣ እጃቸው እምቢ አለ፤ በጣሉት ቁጥር ቦታው ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል።

እሑድ ኡተ የፖም ኬክ ይዛ መጣች፤ እኔንም ጠሩኝ። ፀሐይዋ በመጋረጃው አልፋ ወጥ ቤቱን ማር አስመስላዋለች። ምሳው ተነሥቶ ትሩዲ ካፖርቷን ለብሳ ቆማለች። ኡተ አባቷን ላለማየት ኬኩን ታያለች። አቶ ኖልተ ማሽኑን ከፈቱና ማማሰያውን ለሚስታቸው ዘረጉላት።

«ትሩዲ፣ ከመሄድሽ በፊት ይቺን አስቀምጪልኝ። እኔ አላወቅሁበትም።»

ትሩዲ ማማሰያውን አየች፣ ባሏንም አየች፤ አንድ ነገር የማይሆንለት እንግዳ የምታይ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጎንበስ እንኳ ሳትል ወረወረችው። እጀታው በሽቦዎቹ መሐል ሾልኮ ተንጠለጠለ። ኡተ የአባቷ ልጅ ናት፤ ሳታስበው ልታወጣው እጇን ሰደደች።

አቶ ኖልተ አንጓዋን ያዟት። «ተዪው፣» አሏት።

በሩ ተዘጋ። ውኃው ገባ፣ ፓምፑ አጉረመረመ፣ ዝናቡ መጣ።

ኳ… ኳ…

ትሩዲ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ካፖርቷን አወለቀችና ከበሩ ኋላ፣ ሁልጊዜ የሚሰቀልበት ቦታ፣ ራሷ ሰቀለችው። መጥታም ተቀመጠች።

«ኤቫልድ፣» አለች፣ «ምን ትጠብቃለህ? ኬኩን ቁረጠው እንጂ።»

አቶ ኖልተ ቢላዋውን አነሡ። በልክ መቁረጥ የለመደው እጅ ኬኩን ጠማማ ቆረጠው፤ ማንም አላረመውም። ኡተ ሰኞ ደውላ አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡት አለች።

እስከ መቼ እንደሚሆን አናውቅም። ካፖርቷን የማታወልቅበት ቀን አሁንም አለ። ቢሆንም እኔ እንደ ቀድሞዬ እተኛለሁ። እንጨት ሙቅ ውኃ አይወድምና ማማሰያው መሰንጠቅ ጀምሯል፤ አቶ ኖልተ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ገዝተው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋል።