«ባል የሞተባት» ሲመረጥ

አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አይሆንልኝም። ኮድ ስጽፍ እግሬ ይርገበገባል፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቼ እቀመጣለሁ። የመካነ ሰላም ኔትወርክ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቅጣት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ በኮምፒውተር የሚመዘግብ ፎርም ሥራ ላስጀምር ነበር። ፎርሙን በጃቫ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተወለድኩትም እዚሁ ነው። ስለዚህ በከተማው መጀመሪያ የምትመዘገበው እናቴ ትሁን ብዬ ድርቅ አልኩ። ጉራ ነው፣ አልክድም።

መሬቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ነው። አባቴ የመንደሩን ልጆች ቁርኣን እያስቀሩ፣ ማንበቡን እያስተማሩ፣ በተረፋቸው ጊዜ ከእናቴ ጋር ያረሱት ነው። እሳቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

የመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝጋቢ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። እናቴ እንድታይ ብሎ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላትና «እናቴ፣ ማን ልበል?» አላት። በእኛ አገር ያገባች ሴት ማን ነሽ ስትባል ከባሏ ነው የምትጀምረው። እናቴም «የሸህ እገሌ ባለቤት ነኝ» ብላ የአባቴን ስም እስከ አያታቸው ድረስ ቀስ አድርጋ ጠራች። ፎርሙ ሲከፈት «ያገባች» የሚለው ተመርጦ ስለሚመጣ መዝጋቢው የጠራችውን ሁሉ በባል ሳጥኖች ውስጥ ጻፈ። ቀጥሎ የእሷን ስም ሞላና የጋብቻ ሁኔታዋን ጠየቃት።

«ሞተዋል፣ አላህ ይዘንላቸው» አለች።

ተቆልቋይ ዝርዝሩን ከፈተና «ባል የሞተባት» የሚለውን መረጠ።

እዚህ ላይ የእኔን ሥራ ላስረዳ። ከዝርዝሩ አንዱ ሲመረጥ ገጹ ወደ ዋናው ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ ይላካል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮዴ ሁለት ነገር ይደርሰዋል፤ ቀድሞ ተመርጦ የነበረውና አሁን የተመረጠው። እኔ የቀድሞውን ተጠቅሜበት አላውቅም። አዲሱን ብቻ አይቼ ፎርሙን አስተካክዬ እመልሳለሁ። «ባል የሞተባት» ከሆነ የባል ሳጥኖች ባዶ ይሁኑ፣ ይጥፉም ብዬ ጽፌያለሁ። ያልተሞላ ሳጥን ምዝገባውን እንዳያስቆም ነበር ሐሳቤ። ጽፌ ስጨርስም ደስ ብሎኝ ነበር።

ገጹ ሄዶ ቀረ። ጠረጴዛውን በጣቶቼ መደብደብ ጀመርኩ።

«ተይ እንጂ፣ ጠረጴዛው ምን አደረገሽ?» አለች እናቴ።

ገጹ ተመለሰ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት የተማረች ናት፤ ማንበብ ትችላለች። ስሙ ሲጻፍ ፊደል በፊደል ስትከታተል ቆይታለች።

«የት ሄዱ?» አለች።

«ፎርሙ ነው እማ። አባባ ስለሞቱ ሳጥኑ አያስፈልግም።»

እንዲህ ብዬ መለስኩላት፤ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

«ሞቱ አልሁ እንጂ አልነበሩም አልሁ?» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። «እሳቸው የሌሉበት ላይ ወላሂ አልፈርምም።»

ወጥታ ሄደች። መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው፤ ሰው ፊት አዋረደችኝ ብዬ። መዝጋቢው አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶውን ያገላብጣል። ትንሽ ቆይቼ ግን አፈርኩ። ላፕቶፔን እዚያው ዘረጋሁ። የቀድሞው ምርጫ «ያገባች»፣ አዲሱ «ባል የሞተባት» ከሆነ ስሙ አይነካ፤ ከጎኑ «በሕይወት የሌሉ» ተብሎ ይጻፍ። ጥቂት መስመር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ሰርቨሩ ተነስቶ እስኪሠራ ግቢውን ስዞር ቆየሁና ቤት ሄጄ ለመንኳት። የአስር ሶላቷን ሰግዳ እስክትጨርስ በር ላይ አስቆመችኝ።

አብረን ተመለስንና እንደገና ተሞከረ። ገጹ ሄዶ መጣ፣ ስሙም አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና እዚያው ስክሪኑ ላይ ፈረመች። እፎይ ብዬ ገና ወንበር ከመሳቤ፣

«አክስትሽንስ?» አለች።

አክስቴ ጎረቤት ወረዳ፣ ወግዲ ናት፤ ባሏ የሞቱት ከአባቴ በፊት ነው። ወግዲ ላይ ይኸው ፎርም ለሙከራ ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎታል።

«የእሷንም እንዲያ ነው የጻፋችሁት?»

የአክስቴን ገጽ ከፈትኩ። ስሟ አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም። እንዲያ የተሰረዘ ነገር ሰርቨሩ ላይ የትም አይቀመጥም። ከወረቀት ይፈለግ እንዳይባል፣ ወረቀት ይቅር ብዬ የተሟገትኩት እኔው ነኝ። የአክስቴን ባል ስም ከነአባታቸው አውቀዋለሁ፤ አያታቸውን እናቴ ነገረችኝ። ሞላሁት።

ከአክስቴ ቀጥሎ የባሏ ስም የጠፋባት ሌላ ሴት አለች፤ ከእሷም ቀጥሎ ሌላ። አንዳቸውንም አላውቅም። የመጀመሪያዋ ስልክ ነበራት፤ ደወልኩ። ማን መሆኔን ሳታውቅ ጤናዬን ጠየቀች፣ የቤተሰቤን ጠየቀች፣ መረቀችኝ። እግሬ መርገብገቡን ያቆመው መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም። ከመዝጋቢዎቹ ወገን መሆኔን ነግሬ የባለቤትዎን ስም ቢነግሩኝ አልኳት።



«ምነው ልጄ፣» አለች፣ «ነግሬያችሁ አልነበር?»