የፀሐይነሽ ዶም እና የኮሚቴው ዶም

ኮሚቴ የሚባል ፍጡር ጆሮ የለውም፤ ያለው አፍና ማኅተም ነው። ፀሐይነሽ ይህን ድሮም ታውቅ ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ግን አትላንታ አጠገብ፣ ታከር በምትባል ከተማ፣ በገዛ ቃሏ አረጋገጡላት።

የሐበሻ ወንጌላውያን ማኅበር ከአሜሪካኖች የገዛው አሮጌ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ጣራው ያፈሳል። ከፊቱ የቆመው ጫፉ የሾለ ግንብም እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም አቤኔዘር፣ በሥራ ቀን ቤት፣ በእሑድ ደግሞ ራእይ የሚያሻሽጥ ሰው፣ ከፋሲካ በኋላ አንጋፋ አባላትን ሰብስቦ ቤታችን ሲታደስ ምን ይምሰል አላቸው። ፀሐይነሽ ተነሥታ እንደ ኮሎኝ ዶም ይሁን ብላ ተቀመጠች።

ምን ማለቷ እንደሆነ የጠየቃት የለም። በሱዳን አድርጋ ጀርመን የገባችው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። ኮሎኝ ላይ ከባቡር ጣቢያው ወጥታ ቀና ስትል ያ ጥቁር የድንጋይ ተራራ ፊቷ ተገተረ። ጀርመኖቹ ካቴድራላቸውን ዶም ይሉታል። መሠረቱ በ1248 ተጥሎ፣ መሐል ላይ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ተቋርጦ፣ በ1880 ያለቀ ቤት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማው አመድ ሲሆን እሱ ቦምቡን ጠጥቶ ቆመ። አንደኛው ግንብ ከሥሩ ተቦድሶ ስለነበር በጥድፊያ በጡብ ደፈኑት። ፀሐይነሽ የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ያ ጡብ እንደ ሱሪ መጣፊያ በሩቁ ይታይ ነበር። የወደደችው እሱን ነው። እሷም ከጦርነት የወጣች ናት፤ ተመትቶ ያልወደቀ ነገር ማየት ያጠግባት ነበር። በኋላ አትላንታ መጥታ፣ በመጦሪያ ቤት አረጋውያን ስታገላብጥ ወገቧ ተቆርጦ፣ ታከር ላይ ያንን ሹል ግንብ ስታገኝ የኔ ትንሽ ዶም አለችው።

አቤኔዘር ግን የሰማው በእንግሊዝኛ ጆሮው ነው። ለእሱ ዶም ማለት ጉልላት ነው፤ በአማርኛ ቢጻፍም ያው ዶም፣ ማን ይለየው? ኮሚቴው አፕሩቭ አደረገ፣ ሰፊው ምእመን አጨበጨበ። በኅዳር ከፋይበርግላስ የተሠራ ወርቅ ቅብ ጉልላት በጭነት መኪና መጥቶ ፓርኪንጉ ላይ ተራገፈ። እሱ ይወጣ ዘንድ ሹሉ ግንብ ቅዳሜ በክሬን ሊወርድ ነው። በዚያው ሰሞን አትላንታ ትልቁን ስታዲየሟን ጆርጂያ ዶምን በፈንጂ ልታፈርስ ቀን ቆርጣ ነበርና፣ አቤኔዘር በማስታወቂያ ሰዓት ከተማው ዶሙን ሲጥል እኛ ዶም እናነሣለን ብሎ ቀለደ። ሳቁለት። አድርባይ ከሰብሳቢ ጋር ለመሳቅ ቀልዱ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ፀሐይነሽ በሩ ላይ ያዘችው።

«ያ የድስት ክዳን ምንድነው?»

«እህት ፀሐይነሽ፣ ዶም ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ሰርፕራይዝ ልናደርግዎ ብለን ነው።»

«እኔ ያልኩት ቤተ ክርስቲያኑን ነው፣ ሁለት ሹል ግንብ ያለውን። ጉልላት አምሮህ ከሆነ እዚያው ኮሎኝ ጌሬዎን የሚባል ዐሥር ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አለልህ። እሱ የጥንቱን ግድግዳ አቅፎ ነው ወደ ላይ የወጣው። የማንንም አንገት አልቆረጠም።»

«ግንቡ እኮ ተሰንጥቋል።»

«ሰው ቦምብ የቦደሰውን በጡብ ጥፎ ያቆማል፤ አንተ ዝናብ የነካውን ልትጥል ነው?»

አቤኔዘር ፈገግ ብሎ፣ ኮንትራቱ ሳይን ተደርጓል፣ ይጸልዩበት አላት። በኮሚቴ ቋንቋ ይጸልዩበት ማለት አፍዎን ይያዙ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ክሬኑ ሲደርስ እግሩን የሚተክልበት ቦታ ተይዟል። ግንቡ ሥር የፀሐይነሽ ካምሪ ፓርክ ተደርጋለች፤ እሷም ውስጥ ተቀምጣ በሩን ቆልፋለች። አቤኔዘር መስኮቱን አንኳኳ፣ ለመነ፣ ጥቅስ ጠቀሰ። ባይሆንለት ቶው እናስደርጋታለን አለ። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገችለት።

«ጥራው። ከነመኪናዬ ስጎተት ቪዲዮ የሚያነሡ ሰዎች እኔም ጠርቻለሁ።»

አልዋሸችም። የሥራ ባልደረቦቿ፣ ፈረቃቸውን ጨርሰው ከነዩኒፎርማቸው የመጡ ረዳት ነርሶች፣ ስልካቸውን ደግነው አጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ስሙ ከአምላኩ በላይ የሚያሳስበው ኮሚቴ ወደ ስልኮቹ ሲያይ ወኔው ከዳው። አሮጊት ያስጎተተ ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ፌስቡክ ላይ መውጣትን የሚሸፍን ጉልላት የለም። ባለክሬኑ እስከ ምሳ ጠብቆ፣ ሌላ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ አቤኔዘር መድረክ ላይ ወጣ። በሌሊት ጌታ ስለ ግንቡ እንደተናገረው፣ አታፍርሱ ጠግኑ እንዳለው፣ ስለዚህም ጉልላቱ ሆልድ እንደተደረገ እንባ በተናነቀው ድምፅ አበሠረ። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። ፀሐይነሽ ከፊተኛው ወንበር ብድግ አለች።

«ጌታን ምን አገባው? እኔ ነኝ ያስቆምኩህ።»