በስልክ የተጠገነ ትራክተር

ዐረብ አገር፣ አል ዐዚዚያ በሠራሁበት ቤት፣ ጓሮው ጥግ ላይ፣ የባሕሩ ጨው የበላው አንድ ቀይ ትራክተር ቆሞ ነበር። ትራክተር ስል የእርሻውን እንዳታስቡ። የግቢ ሣር የሚያጭድ፣ አንድ ሰው የሚቀመጥበት፣ ቁመቱ ከወገቤ የማያልፍ ነገር ነው። ሁለት ጎማው ተኝቷል፣ ወንበሩ ተቀዶ ድመት ወልዳበታለች። ሦስት ዓመት ያህል ልብስ ሳሰጣ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም።

እኔ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የገባሁት በፈረንጅ 2014 ነው፣ ለሁለት ዓመት ኮንትራት። ቤቱን የምታዘው ማዳም ናት፤ ካፊሌ፣ ቪዛዬ በስማቸው የወጣው አሠሪዬ፣ ግን የባሏ አባት ናቸው፣ ሁላችንም ባባ የምንላቸው። ባባ በወጣትነታቸው ቴክኒሻን ነበሩ። እኔ ስደርስ እግራቸው ደክሞ፣ ጧት ጧት ጓሮ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥተው መቀመጥ ነበር ሥራቸው።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ሞተች። የተረዳሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ስደት ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ “ብቻዋን ሆና ምን ይውጣታል” ይባልና ይደበቃል። አምስት ወር ሙሉ ስደውል “ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች”፣ “ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች” ይሉኛል፤ እኔ ጅሏ ደግሞ “ስትመጣ ሳሙልኝ” እላለሁ። ሲነገረኝ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነው ያቃጠለኝ። አባቴን በእናቴ አጥንት አስማልኩት፤ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይደብቀኝ። “እሺ ልጄ፣ አልደብቅሽም” አለ።

እኔ ለወላጆቼ አንድ ነኝ። እናቴን አልቀበርኳትም፤ አባቴን ግን በቁሙ ሳለ ላየው፣ እሱም ሊያየኝ ፈለግኩ። ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ ኹሩጅ ብቻ ሆነ። ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ወረቀት ነው፤ ካፊል ካላወጣው ንቅንቅ የለም። ማዳምን ስጠይቃት “ባዕደይን” ትላለች፤ በኋላ ማለቷ ነው። ከረመዳን በኋላ፣ ከሐጅ በኋላ፣ ልጆቹ ፈተና ሲጨርሱ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አንድ ጧት ለባባ ሻይ ሳቀርብ ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉና በከዘራቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙ። “ያ ትራክተር ተነስቶ የሄደ ዕለት አንቺም ትሄጃለሽ፣ ወላሂ” አሉ። መቼም አትሄጂም ለማለት ነው። መኪና ያጥብ የነበረው የቤቱ ሾፌር፣ ሕንዳዊ ነው፣ እሱም ሳቀ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ “ወላሂ” የምትለዋን ቃል ያዝኩ። በዚያ አገር ለቲማቲም ዋጋም ወላሂ የሚል ሞልቷል፤ ባባ ግን ቃላቸውን የሚበትኑ ሰው አልነበሩም። “ወላሂ ብለዋል ባባ፤ ሾፌሩ ምስክሬ ነው” አልኳቸው። በአረብኛ አንቱ የለም፤ እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማወራቸው። “ማፊ ሙሽኪላ”፣ ችግር የለም፣ አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ያላወቁት ነገር አለ። አባቴ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር የነዳ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ ምሳውን ይዤለት እሄድና ትራክተሩ ሥር ቁጭ ብዬ ቁልፍ አቀብለው ነበር። “አሥራ ሦስት” ሲለኝ አሥራ ሦስት ቁጥሩን፣ “አሥራ ሰባት” ሲለኝ አሥራ ሰባት ቁጥሩን። ከዚያ ያለፈ እውቀት የለኝም። ማቀበል ሌላ፣ መፍታት ሌላ። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ደወልኩለት።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ “እስቲ ድምፁን አሰሚኝ” አለ።

“አባዬ፣ የሞተ ነገር ምን ድምፅ አለው?”

“አንኳኪው። ዝገቱ ከላይ ይሁን ከውስጥ ይለያል።”

እንዲህ ተጀመረ። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ አንድ ሰዓት አላት፤ ያችን ሰዓት ሰጠሁት። ስልኩን በቪዲዮ ከፍቼ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስደግፈዋለሁ። በዚያ በኩል ጎረቤታችን ሴትዮ ከፍታ ለአባቴ ትሰጠዋለች። እሱ ደግሞ ቪዲዮ ይሁን ምን ስልክ ሁሉ ጆሮ ላይ ይለጠፋል፤ ከአባቴ የሚታየኝ ጆሮውና ሽበቱ ነው። “አውርደውና እየኝ እንጂ” እለዋለሁ። “እሺ እሺ” ይልና ትንሽ ያወርደዋል፤ ጣራው ይታየኛል፣ ተመልሶ ጆሮው። የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ስስቅ ነበር።

እኔ ግን ሁሉንም አሳየዋለሁ። ስልኩን አንስቼ ብሎኑን፣ ሞተሩን፣ የተበጠሰውን ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶውን፣ እያዞርኩ። እሱ “በጣትሽ ዳስሺው፣ ጥርሱ አልቋል?” ይላል። “ስንት ስንዝር ነው?” ይላል። እየታየው ለምን እንደሚጠይቀኝ አላሰብኩም። ትምህርት እየሰጠኝ መስሎኝ ነበር።

የነዳጅ ማጠራቀሚያው ቆርቆሮ ነበር፤ ውኃ ጨምሬ ብሞክረው ከታች ያንጠባጥባል። “ሳሙና” አለ አባቴ። የአገራችን ሾፌር ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት፤ ደረቅ የልብስ ሳሙና አሽተሽ ቀዳዳው ላይ ትጠቀጥቂያለሽ፣ ነዳጅ አያሟሟትም። ስጠቀጥቅ ባባ ከእንቅልፍ ነቅተው ከዘራቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። “ሳሙና?” አሉ። “ሳሙና” አልኩ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጫን አደረጉት። በማግስቱ ወንበራቸው ከጥላው ተነስቶ ትራክተሩ አጠገብ መጣ፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውም ከዕቃ ቤት ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሽማግሌዎች በእኔ አፍ ይጨቃጨቁ ጀመር። አንደኛው ፍቺ ሲል ሌላው ተይ ይላል። “ያ ሰውዬ ምን አለ?” ይሉኛል ባባ፤ “ሰውዬው ምን ይላል?” ይለኛል አባቴ። አንድ ቀን አባቴ “ጡረታ ያወጡት ሥራ ስለማይችል ነው በይው” አለኝ። “አባቴ ሰላም ይልዎታል” ብዬ ተረጎምኩ። ባባ “ዓለይኩም ሰላም” ብለው በጣም ደስ አላቸው። ባትሪውንና የአየር ፊልትሮውን ራሳቸው አዘዙ፤ ሾፌሩ ቱቅባ ሰፈር ካሉት ትናንሽ ሱቆች እየዞረ አመጣቸው። መሐላውን የረሱት መሰለኝ፤ እኔም አላስታወስኳቸው።

ሁለት ወር ፈጀብን። ሊነሳ የተዘጋጀ ቀን ባባ ተኝተው ነበር። ከመንቃታቸው በፊት ማስነሳት ፈለግኩ፤ ቃላቸው ትዝ ብሏቸው ሐሳብ እንዳይቀይሩ ፈራሁ።

“አባዬ፣ ምን ልቅዳበት?”

“ትራክተር አይደል? ናፍጣ ነዋ። ከመቼ ወዲህ ነው ትራክተር ቤንዚን የሚጠጣው?”

እውነቱን ነው፤ እኛ ያደግንበት እርሻ ላይ ናፍጣ የማይጠጣ ትራክተር አልነበረም። ሾፌሩ ጀሪካኑን ይዞ “ዲዝል?” ብሎ አመነታ። “ዲዝል! አንተ ከአባቴ ታውቃለህ?” አልኩና ገላመጥኩት። ምስኪን፣ ሄዶ አመጣ። ሞላሁና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ሳለ፣ ነጭ ጭስ ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ተፋ፣ ሞተ። ደገምኩ። ሳለ፣ ሞተ።

“አንዴ ድገሚው፣ ስልኩን አስጠጊልኝ” አለ አባቴ። ደገምኩ። “አንድ ሲሊንደር ነው” አለ፤ “ይሄ የናፍጣ ሞተር አይደለም። ቤንዚን ነው።”

ሁለት ወር የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ። “አሳይቼህ ነበር እኮ አባዬ፤ ስንቴ ነው ያሳየሁህ? ምን ስታይ ነበር?” ብዬ ጮህኩበት።

“አላስተዋልኩም ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

አባቴ በዕድሜው “ጥፋቱ የእኔ ነው” ሲል ሰምቼው አላውቅም። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ምነው እጄን በቆረጠው እላለሁ።

ጭሱ ባባን ቀሰቀሳቸው። መጥተው ጣታቸውን ማጠራቀሚያው ውስጥ ነከሩ፣ አሸተቱ። “ዲዝል” አሉ። ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሾፌሩ ወደ መሬት አየ። ባባ ሳቃቸው ከሳል ጋር እስኪቀላቀል ሳቁ፤ ከዚያ ከዘራቸውን ጥለው በስንት ጊዜያቸው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉና ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን፣ በገዛ እጃቸው ፈቱት። ሦስት ቀን ቤንዚን በቤንዚን ስናጥበው ከረምን። ያን ሦስት ቀን ለአባቴ አልደወልኩለትም፣ አኩርፌ።

በአራተኛው ቀን ተነሳ። ባባ ወጥተው ተቀመጡበት፣ አሸዋው ላይ ሁለት ጊዜ ዞሩ። ሣር የለም፣ ከደረቀ ቆይቷል። እኔ ለአባቴ ላሳየው ብዬ በስልኬ ቀረጽኳቸው። ማዳም በመስኮት ብቅ ብላ ከእንግዲህ ኹሩጅ ብጠይቅ እንደማይሆን፣ ቤቱን የሚይዝላት እንደሌለ ነገረችኝ። ባባ ሞተሩን አጠፉ። “ወላሂ ብያለሁ” አሏት። ወረቀቱ በሳምንቱ ወጣ።

አገሬ የገባሁት በፈረንጅ 2017 መጨረሻ ነው። አባቴ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይጠብቀኛል። ከታክሲ ወርጄ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቀጥ ብዬ ወደ እሱ መጣሁ። እየሳቅኩ ነው። እሱ አይስቅም። ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ “ማነው?” አለ።

የቀለደብኝ መስሎኝ ቆምኩ። “ማነው የመጣው?” ብሎ ደገመ። ጎረቤታችን ሴትዮ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ዓይኑ ከጠፋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይተሃል ብለውታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም እንዳይነግረኝ ያዘዘው እሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ብሎን ሳሳይ የነበረው ለማያይ ሰው ነው። “ምን ስታይ ነበር?” ብዬ የጮህኩትም በእሱ ላይ ነው።

“በእማዬ አጥንት አስምዬህ አልነበር?” አልኩት፣ እግሩ ሥር ተቀምጬ።

“ብነግርሽ ትራክተሩን ትተሽ ስታለቅሺ ትከርሚ ነበር” አለ። እጄን ፈልጎ ያዘና መዳፌን ዳበሰው። ቁልፍ አምልጦኝ የቆረጠኝ ጠባሳ ላይ ጣቱ ቆመ። “አሥራ ሦስት ነው?” አለ። አዎ አልኩት።

ስልኬን አወጣሁ። ባባ አሸዋው ላይ ሲዞሩ የቀረጽኩትን ከፍቼ ጆሮው ላይ አደረግኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማው።

“አሁን ልክ ነው” አለ። “በይ ድገሚልኝ።”