አጎቴ በተከላካዮቹ መስመር ላይ የሰጡኝ ቦታ

አጎታችን አዳማ ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ሆነው፣ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካን ፉትቦል በዲሽ ሲያዩ፣ ለዘመዱ ሁሉ በተከላካዮቹ መስመር ላይ ቦታ ይሰጡ ነበር። ወንድሜ እንደሳቸው ትከሻው ሰፊ ስለሆነ፣ “መሀል የሚቆመው እንዲህ ያለው ነው፤ ሁለት ሰው ቢገፋው አይነቃነቅም” እያሉ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። እኔ ቀጭኑ በቅናት እበግን ነበር።

“እኔስ ጋሼ?” አልኳቸው አንድ ቀን።

ክንዴን ዘርግተው አዩት። “አንተ ዳር ነህ። ክንድህ ረጅም፣ እግርህ ፈጣን ነው፤ ኳስ የያዘውን ሮጠህ ትይዛለህ።”

ደስ አለኝ፤ ቅናቱ ግን አለቀቀኝም። አጎታችን ካረፉ ወዲህ ሶፋቸው ላይ የሚቀመጥ የለም። ትናንት ወንድሜ በሩን ሞልቶ ሲገባ፣ እናቴ እሳቸው መስሏት አለቀሰች። ወንድሜ መስታወት ሲያይ አጎታችንን ያገኛቸዋል። እኔ የማየው ባዶውን ሶፋ ነው፤ ዛሬም በወንድሜ እቀናለሁ።