የማክሰኞና የዓርብ እንግዳ

እህቴን ድርቤን ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ «ያቺ አባቷን ያስታመመችው» ብሎ ነው የሚያውቃት። እኔ ግን ታናሿ በቀለች ነኝና ሌላም ሌላም አውቃለሁ። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ጫፉ የተሸረፈ ስለነበር ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጉባኤ ላይ ስትዘምር ድምጿ ከሁላችንም ቀድሞ ይጀምራል፣ ከሁላችንም ዘግይቶ ያቆማል። ቤቷ የገባ ሰው ሳይቀምስ ከወጣ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክናት ይሰነብታል። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው።

ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ጤነኛ አልነበረም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እያበጠ ወራት ተኝታ ተነሣች፤ ዳነች አልን። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት መጣና ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ደረቷን ካዳመጠ በኋላ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ቀን ቀንም ጋደም እንድትል፣ ያን ካላደረገች ዕድሜዋን በገዛ እጇ እንደምታሳጥር ነገራት። እሷ ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። «ቀን ጋደም የምትል ሴት የማን ቤት ነው ያየው?» አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. አባታችን ኦቦ ሞረዳ ታመሙ። በበቅሎ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ቁመተ ረጅምና ግዙፍ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ወንድማችን ነመራ ኑኑ ቁምባ በሚባለው ወረዳ አስተማሪ ነው። እኔ አኖ ከተማ አግብቼ ልጆች ወልጃለሁ። ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሠፈር ባለው ቤታችን የቀረችው ድርቤ ብቻ ነበረች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥቶላት ሁለቱንም ጊዜ «አባቴን ማን ያገላብጥልኛል?» ብላ መልሳለች። ያን ግዙፍ ሰው በዚያ ልቧ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ታገላብጥ ነበር።

እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ከአኖ እመጣ ነበር። ስመጣ የማደርገው ትልቅ ነገር የለም፤ አባቴን እይዛለሁ፣ ድርቤ ትተኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፣ እሑድ ከጉባኤ መልስ እንደገና ትተኛለች። ሰኞ ስለያት ፊቷ ላይ ደም ይታይ ነበር። ያ እንቅልፍ ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ካቋረጥሁት በኋላ ነው።

ያቋረጥሁት የሺወርቅ ስለመጣች ነው። በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ከከተማው ክሊኒኮች አንዱ ከአልጋ መውረድ ለማይችሉ በሽተኞች ነርስ ወደየቤታቸው መላክ ጀመረ። ወደ እኛ ቤት የተላከችው የሺወርቅ ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ፣ እሷ ግን ነቀምቴ ተወልዳ ኦሮምኛን እንደ እኛ የምትናገር ልጅ ነበረች። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትመጣለች። ደጃፉ ላይ ሆና «አከም ኦልተን፣ ኦቦ ሞረዳ!» ብላ እንዴት ዋሉ ስትላቸው አባታችን በደኅናው እጃቸው አልጋውን መታ መታ ያደርጋሉ። ሰውነታቸውን ታጥባለች፣ ከመተኛት ብዛት የቆሰለ ጀርባቸውን ታክማለች፣ የደረቀ እጃቸውን ታፍታታለች።

ወሬው አኖ ሲደርሰኝ «ተመስገን፣ ድርቤ ተገላገለች!» አልሁ። አንድ ቅዳሜ ቀረሁ፤ ዝናብ ነው አልሁ። ሌላም ቀረሁ፤ ልጄን አተኮሰው አልሁ። ከዚያ በኋላ ሰበብ መፈለጉንም ተውሁት። ነመራም ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምጣቱን ትቶ «ባለሙያ ከገባማ እኛ ምን እንሠራለን?» ብሎ ጻፈልኝ። ሁለታችንም በደስታ ነው የተውናት።

ድርቤ በበኩሏ ምን ታደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ነርሷ ማክሰኞ ልትመጣ ሰኞ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች። አንሶላውን ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። ከዚያ፣ ጌታ ምስክሬ ነው፣ ነርሷ ልታጥባቸው የምትመጣላቸውን አባታችንን ራሷ ቀድማ ታጥባቸዋለች፤ የሰው ልጅ አባቴን ቆሽሾ አያይብኝም ብላ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ አንጮቴ ትቀቅላለች። አንጮቴ የወለጋ የክብር ምግብ ነው፤ ሥሩ ተቆፍሮ፣ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ሙቀጫ ውስጥ ተወቅጦ፣ በንጥር ቅቤ ተለውሶ ነው የሚቀርበው። ለአንድ ሰው ተብሎ አይሠራም። እሷ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰው ትሠራው ነበር።

የመጀመሪያው ዓርብ የሺወርቅ የቀረበላትን አይታ «ይቅርታ እህቴ፣ ዓርብ ነው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች። እኛ የወንጌል አማኞች ስለሆንን ድርቤ ዓርብ መሆኑን ልብ አላለችውም ነበር። በእፍረት ልትሞት ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ቅቤው ቀርቶ ኑግ ትቆላለች፣ ኑጉንም ትወቅጣለች። ሥራው አንድ የነበረው ሁለት ሆነ።

የሺወርቅም ጠግባ ትበላ ነበር። እምቢ ብትል ባለቤቷን እንደምታዋርድ ታውቃለች፤ የአገሩ ልጅ ናት። ክሊኒክ ተመልሳ «እንደ ኦቦ ሞረዳ ቤት ንጹሕ የለም» እያለች ታወራ እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። የበሽተኛው ጀርባ ዳነ። የድርቤን ፊት ግን ያየ ሰው አልነበረም።

ስድስት ወር እንዲህ ሄደ። በኅዳር አንድ ዓርብ የሺወርቅ ደጃፍ ላይ ሰላምታ ብትሰጥ መልስ አጣች። ከውስጥ አባታችን በተሳሰረ አንደበታቸው ይጮኻሉ። ሮጣ ወደ ጓዳ ገባች። ድርቤ ሙቀጫው አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል። ዘነዘናው እጇ ውስጥ ነበር። የሺወርቅ አስተኝታት ልቧን አዳመጠች። በዚያው ቀን ወደ አኖ በሚያልፍ ሾፌር አፍ «እህትሽ ወድቃለች፣ ነዪ» ብላ ላከችብኝ።

ቅዳሜ ደረስሁ። ሳያት አላወቅኋትም። አራት ቅዳሜ የቀረሁ መስሎኝ ነበር፤ ቆጥሬ ስደርስበት ስድስት ወር ሙሉ አልመጣሁም። እግሯን እቅፌ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። እሷ ግን «የነርሷ ሳሕን አልታጠበም» አለችኝ።

ማክሰኞ የሺወርቅ መጣች። የድርቤ መኝታ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ሰኞ ሰኞ ምን ስትሠሪ ነው የምትውዪው?» ብላ ጠየቀቻት። ድርቤ አቀረቀረች። እኔ ምላሴ አያርፍም፤ ጎረቤት የነገረኝን ዘረገፍሁት። እበቱን፣ አንሶላውን፣ ቀድሞ የሚታጠበውን አባት፣ ኑጉን። የሺወርቅ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ለካ ስድስት ወር ሙሉ የበላሁት አንቺን ነው» አለች።

«ምን ነካዎት፣ ሲስተር! ባዶ ቤት ገብተው ይውጡ?» አለች ድርቤ።

«ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ አይደለሁም። አባትሽን እንዳሉ ላግኛቸው። ወለሉም እንዳለ ይቆይ። እኔ ስገባ አንቺ ትተኛለሽ፤ ተኝተሽ ካላገኘሁሽ ሥራዬን እንዳልሠራሁ ነው የምቆጥረው።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ታማለች ይበላ። መታመምሽ እውነት ነው።»

ዓርብ ዕለት የሺወርቅ ዳቦዋን በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ድርቤ ቋጠሮውን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እንደዚያን ቀን ተዋርዳ እንደማታውቅ ነግራኛለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነርሷ ስትገባ ዓይኗን ጨፍና የተኛች መሰለች እንጂ አልተኛችም። እኔ ወደ አኖ ሳልመለስ እዚያው ሰንብቼ ነበር፤ በአራተኛው ማክሰኞ እኔና የሺወርቅ አባታችንን ስናጥብ ሳፋው ተንኳኳብን። አባታችን ደኅናውን እጃቸውን አንሥተው ዝም እንድንል ምልክት ሰጡንና በዓይናቸው ወደ ድርቤ መደብ አመለከቱን። ተኝታ ነበር፤ አፏ ተከፍቶ፣ የተሸረፈው ጥርሷ እየታየ። ሦስታችንም አየናት።

እኔ ወደ ቅዳሜዬ ተመለስሁ፤ ነመራንም ደብዳቤ ጽፌ ሰደብሁትና መጣ። የድርቤ እግር እብጠቱ ጎደለ። በዓመቱ ወደ ጉባኤ የሚያወጣውን ዳገት ሳታርፍ ወጣች። አባታችን በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ጀርባቸው ዳግም ሳይቆስል፣ ድርቤ እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ። ነገር ግን በዚያ ስድስት ወር ልቧ የከሰረውን የሚመልስ ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ይህን በግልጽ ነገረኝ፤ እኔም በግልጽ እናገረዋለሁ። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ የእኔ ድርሻ አለበት።

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ድርቤ ራሷ አልጋ ላይ ዋለች። ልጆቼን ለባሌ እናት ትቼ ከአኖ መጥቼ ያዝኋት። የሺወርቅም ማክሰኞና ዓርብ መመላለስ ጀመረች፤ አሁን ለድርቤ።

ታዲያ ምን እንዳደረግሁ ታምናላችሁ? ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ በመጀመሪያው ሰኞ በጠዋት ተነሥቼ ወለሉን ለቀለቅሁ። አንሶላውን ወስጄ አጠብሁ። ድርቤን ልብሷን አውልቄ ላጥባት ውኃ አሞቅሁ። አንጮቴውንም ጣድሁ። እጄ ብቻውን ነበር የሚሠራው።

ድርቤ ከአልጋዋ ጠራችኝ። «በቀለች፣ ምድጃው ላይ ምንድን ነው?»

«አንጮቴ ነው።»

ትንፋሽ እያጠራት ስለነበር የሷን ንግግር መጠበቅ ለምጄ ነበር።

«እሳቱን አጥፊው» አለችኝ።

«ነገ ማክሰኞ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አጥፊውና ነዪ።» በቀጭን እጇ አጠገቧ ያለውን መደብ መታ መታ አደረገች። «ረፊ» አለችኝ በእናታችን ቋንቋ፤ ተኚ ማለቷ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ እንደምትለኝ ነበር ያለችው።

አጠፋሁት። ጋደም ስል ጀርባዬ አመመኝ፤ ምን ያህል እንደ ደከመኝ እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር። ጠራራ ፀሐይ በመስኮት ይገባል፤ እኔ ግን ተኛሁ።

በማግስቱም ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ሆነ። የሺወርቅ ስትገባ ወለሉ ተረግጧል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ድርቤም ሳትታጠብ ትጠብቃታለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ እኔ አሳየቻት። ይህን የነገረችኝ የሺወርቅ ናት፤ እኔ ተኝቼ ነበር።